የሐምሌን ውሃ ለጥር፦ የአንድ የሰሜን ሸዋ ቤት ጉዳይ

ቤቱ የወላጆቼ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ ይገኛል። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው የ40 ቆርቆሮ ነው። በእኛ አገር የቤት ስፋት በካሬ ሜትር አይነገርም። «የስንት ቆርቆሮ ቤት ሠራ?» ነው የሚባለው።

አራት ሰው ይኖርበታል። አባዬ፣ እማዬ፣ የወንድሜ ሚስትና የ12 ዓመት ልጇ። ወንድሜ ለሥራ ቆላ ወርዷል። እኔ ደብረ ብርሃን ከተማ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ እየሄድኩ አያቸዋለሁ።

ምንጩ ከቤታችን 40 ደቂቃ ያስኬዳል። መሄጃው ብቻ ነው 40 ደቂቃ። ስመለስ ዳገት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይሆናል፤ በልጅነቴ ተሸክሜዋለሁ። ጀርባ ላይ ሲታሰር ግን ሰው ኪሎውን አይቆጥርም፤ የቀረውን ዳገት ነው የሚቆጥረው።

በክረምት ምንጩ ሞልቶ ይፈሳል፣ ወረፋም የለም። ከታኅሣሥ በኋላ እየቀጠነ ይሄዳል። ጥርና የካቲት ላይ ጀሪካኑ በጣሳ እየተጨለፈ ነው የሚሞላው። ያኔ የወንድሜ ሚስትና ልጇ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ይወጣሉ። ዘግይቶ የደረሰ ጭቃ ነው የሚያገኘው። ወደ ቤት የሚመለሱት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ ቁርሷን በእጇ ይዛ እየሮጠች ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልፏል። እኔ መምህር ነኝ፤ ያረፈደ ልጅ በር ላይ አቁሜ ምክንያቱን እጠይቃለሁ። የእሷን ምክንያት ግን ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ፤ የራሴም ምክንያት ነበር።

ይኼው ቤት በሐምሌ ሌላ ቤት ነው። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ በግድግዳው ሥር ያለውን አፈር ጠርቦ ቦይ ይሠራል። አባዬ በየዓመቱ ያንን ቦይ በድንጋይ ይደፍናሉ። ውሃው የቤቱ ጠላት ነበር።

በዓመት አንድ ቀን ሲቀር። ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ዕለት፣ ርኅወተ ሰማይ ነው። ሰማይ ይከፈታል ይባላል። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው። ልጆች ሆነን ራቁታችንን እንወጣበት ነበር። እማዬ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ማሰሮ ታስቀምጣለች። ከውሃው ትንሽ ሊጡ ላይ ጠብ ታደርጋለች፤ የቀረውን ለዓመት ታኖረዋለች። ይህን ስታደርግ ያየኋት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አንድ ቀን እቤት ቁጭ ብዬ ማሰሮውን ሳየው ነው የጣሪያውን ውሃ የማጠራቀም ሐሳብ ወደ አእምሮዬ የመጣው። ማሰሮው በደቂቃ ውስጥ ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ሒሳቡ

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ማንም ሰው ለቤቱ ሊሠራው ይችላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ውሃ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ከ900 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ከግማሹ በላይ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

ጣሪያውን ስንለካ ተዳፋቱን አይደለም የምንለካው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቤቱ መሬት ላይ የሚጥለውን ጥላ ነው። ምክንያቱም ዝናቡ የሚያየው ያንን ስፋት ነው። የእኛ ቤት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 9 በ6 ሜትር ሆነ። 54 ካሬ ሜትር። ከዘነበው ሁሉ እጃችን የሚገባው ግን ወደ 80 በመቶው ነው። ሌላው ይረጫል፣ ይተናል፣ በመገጣጠሚያው ያንጠባጥባል።

54ን በ900፣ ከዚያ በ0.8 አባዛሁት። 38,880 ሊትር መጣ። ወደ 1,900 ጀሪካን ማለት ነው። በደብተር ላይ ጽፌ ለእማዬ አነበብኩላት። ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ጌሾ እየወቀጠች ነበር፤ ሙቀጫውን ሳትተው ቀና ብላ አየችኝ።

«የት ታስቀምጪዋለሽ?» አለችኝ።

የዚህ ጉዳይ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው። ያኔ ግን አልገባኝም። ጣሪያ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ጣሪያው ያስባል። ችግሩ ማስቀመጫው ላይ ነው። ዝናቡ በሁለት ወር ይመጣል፤ ጥማቱ አምስት ወር ይቆያል።

አባዬ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር የሚያሳስባቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየገበሬው ማሳ የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ በብዛት ይቆፈር ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው ያስታውሰዋል። እኛም ቆፍረናል። ሥሩ ፕላስቲክ ተነጥፎ ነበር፤ ፕላስቲኩ ተቀደደ፣ ውሃው ሰረገ። የቀረውን ፀሐይ ወሰደው። አንድ ግልገል ገብቶ ሞተብን። አባዬ ጉድጓዱን መልሰው ሞሉት። «ለምን እንደቆፈርነው ሳናውቅ ነው የቆፈርነው» ይላሉ እስከ ዛሬ። እውነታቸውን ነው። በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ ላይ ገበሬዎች በማቆሪያ ያጠራቀሙትን ውሃ ለሽንኩርት ችግኝ ማፍያ ተጠቅመውበታል። ችግኝ ትንሽ ቦታ፣ ትንሽ ውሃ፣ አጭር ጊዜ ነው የሚፈልገው። ውሃው ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ታውቋል። የእኛ ጉድጓድ ግን ለምንም ለሁሉም ነበር።

ለማንኛውም አባዬ እሺ አሉ። አራት ሙክት ሸጡ። እኔ የዕቁቤን ብር ጨመርኩ። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ገዛን። ከወጪው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ አሸንዳውም፣ ቱቦውም፣ ሲሚንቶውም ተደምረው የእሱን ግማሽ አይሞሉም።

አሸንዳው

ጣሪያው ሁለት ክንፍ አለው። መጀመሪያ ሁለቱንም በአሸንዳ ልንከብብ ነበር። ደብተሬን ስመለከት ግን አያስፈልግም። አንዱ ክንፍ 27 ካሬ ሜትር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። አንዱ ክንፍ ከ10,000 ሊትር በላይ ይሰጣል ማለት ነው፤ ሮቶውን ሁለት ጊዜ ይሞላዋል። ስለዚህ በአንድ በኩል ብቻ፣ 9 ሜትር አሸንዳ አስገጠምን። ሙሉውን ጣሪያ አሸንዳ ለማልበስ ገንዘብ ማውጣት የለበትም ሰው፤ መጀመሪያ ሮቶው ስንት እንደሚይዝ ይይ።

አሸንዳውን ከተማ ውስጥ ከላሜራ አሳጠፍነው። የሰቀለው የሰፈራችን አናጺ ነው። ጎበዝ ነው፤ ቤቱንም የሠራው እሱ ነው። አሸንዳ ግን ሰቅሎ አያውቅም ነበር። በዓይኑ ለካና ቀጥ አድርጎ ሰቀለው። ቀጥ ያለ አሸንዳ ደግሞ ውሃ አያወርድም። መሐሉ ላይ ተኝቶ ወደ ግድግዳው ፈሰሰ።

መልሰን አወረድነው። በሁለተኛው ጊዜ ሲባጎ ወጠርንና ውሃ ልክ ይዘን ለካን። በ1 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አደረግን። ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከታች ሆኖ ለሚያየው ዝቅታው አይታወቅም። ውሃው ግን ያውቀዋል።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በረዶ ጣለ። የእኛ አገር በረዶ እንዴት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቃል፤ አንዳንዴ ሜዳው ነጭ ሆኖ ያድራል። አሸንዳው በረዶ ሞላና ከበደ። ማቀፊያ ብረቶቹ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ነበር የተመቱት። ሁለቱ ተነቅለው አሸንዳው ተንጠለጠለ። አሁን ማቀፊያው በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ነው፤ የተመታውም ወራጁ ላይ ነው፣ ጣውላው ላይ ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ በረዶ ጥሏል። አልተነቃነቀም።

የዘመመው ሮቶ

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ምክንያቱም ልንጎዳ የምንችለው እዚህ ላይ ነበር።

5,000 ሊትር ውሃ 5,000 ኪሎ ነው። 50 ኩንታል። አንድ ሰው 50 ኩንታል ጤፍ በአንድ ጥግ ልደርድር ቢል ቦታውን አስተካክሎ ያዘጋጃል። ውሃ ሲሆን ግን አይታሰበንም። ውሃ ቀላል ነገር ይመስለናል።

የእኛ መሬት መረሬ፣ ጥቁር ሸክላ አፈር ነው። መረሬ በበጋ ሰው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፣ ይላቁጣል። አንድ ዓመት ሙሉ ሲነፋና ሲሟሽሽ ነው የሚኖረው። እኛ ደግሞ መሠረቱን የሠራነው በግንቦት ነው፣ መሬቱ ድንጋይ መስሎ በደረቀበት ጊዜ። ላዩን ጠርገን ድንጋይ በጭቃ ደረደርን። ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ሆነ፤ ባልዲ ከቧንቧው ሥር እንዲገባ ነው። አማረብን።

ሮቶው ሐምሌ ሳያልቅ ሞላ። እኔ ከተማ ነበርኩ፤ ስልክ ተደወለልኝ። እማዬ እልል ብላ ነው የነገረችኝ። ነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ሌላ ስልክ መጣ። አባዬ ነበሩ። «ሮቶው ዘሟል» አሉ።

ደርሼ ሳየው ወደ ግድግዳው ዘሟል። አናቱ ከቦታው አንድ ስንዝር ያህል ሄዷል። ከሥሩ ልጅቷ የምትጫወትበት ቦታ ነው። በዚያ ሌሊት የተኛ ሰው የለም።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። ሮቶው ከሞላ በኋላ ትርፉ ውሃ ከላይ ባለው ቀዳዳ ይወጣል። እኛ ለትርፉ ውሃ መውረጃ አላበጀንለትም። በሮቶው ጎን ወርዶ መሠረቱ ሥር ይገባ ነበር። በቀን በቀን መረሬውን አላቆጠው። በአንድ በኩል ብቻ። መሠረቱ በዚያ በኩል ሰጠመ። ጥፋቱ የኔ ነበር። አናጺው የታዘዘውን ነው የሠራው፤ ስለ ትርፉ ውሃ ያላሰብኩት እኔ ነኝ።

ሮቶውን ባዶ ማድረግ ነበረብን። በነሐሴ አጋማሽ፣ የተጠራቀመውን ሁሉ ከፍተን ለቀቅነው። እማዬ ቤት ገባች፣ ማየት አልፈለገችም። ከዚያ ቦታውን ቆፈርን። 70 ሴንቲ ሜትር ላይ መረሬው አለቀና ጠንካራ መሬት አገኘን። ከዚያ ጀምሮ በትልልቅ ድንጋይ፣ ከላይ በገረጋንቲ እየጠቀጠቅን ሞላነው። ግድግዳውን በሲሚንቶ ገነባን፣ ላዩን ለሰንነው። ለትርፉ ውሃ ቱቦ ቀጥለን ስድስት ሜትር አርቀን የጎመኑ መደብ ላይ ለቀቅነው። ሮቶውም ከቤቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ራቀ።

ሥራው አሥር ቀን ፈጀ። ነሐሴ እያለቀ ነበር። የዚያን ዓመት ሮቶው ዳግመኛ አልሞላም፤ ሲሶው ላይ ቀረ። የሚቀጥለው ክረምት ነው በሙሉ የደረሰልን።

መረሬ ላይ ያለ ሰው ይህን ከኔ ቢወስድ ደስ ይለኛል። መሠረቱን ከመሥራቱ በፊት ትርፉ ውሃ የት እንደሚሄድ ይወስን።

የመጀመሪያው ዝናብ

ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ ንጹሕ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ይይ። የእኛ ጣሪያ ላይ ምን አለ? አቧራ። የወፍ ኩስ። ከጎን ካለው ባሕር ዛፍ የሚወድቅ ቅጠል። ከማድ ቤቱ የሚወጣው የኩበት ጭስ ጥላሸት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የተጠራቀመው ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ዝናብ ላይ ይታጠባል። ያ ዝናብ ሮቶ ውስጥ ከገባ የባሕር ዛፍ ሻይ ነው የሚሆነው። በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ ሆኖብናል፤ ውሃው ቡናማ ነበር፣ ይሸታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከአሸንዳው የሚወርደውን ቱቦ የመጨረሻ ቁራጭ ሳናጣብቅ ተውነው። በእጅ ይዞራል። ወደ ውጭ ሲዞር ውሃው ይደፋል፤ ወደ ሮቶው ሲዞር ይገባል። በየዝናቡ ቢያንስ የመጀመሪያውን 1 ሚሊ ሜትር መጣል ጥሩ ነው። ለአንዱ ክንፍ 27 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን ከምናምን ማለት ነው። እማዬ በሚሊ ሜትር አትለካም። ነጭ ሲኒ ይዛ ትወጣለች፤ ከቱቦው ቀድታ ወደ ብርሃን ታያለች። ሲኒው ሥር ጥቁር ነገር ካልቀረ ቱቦውን ታዞረዋለች። ከበጋ በኋላ በሚመጣው ዝናብ ላይ ግን አትቸኩልም፤ ሁለቱን ሦስቱን ዝናብ ሙሉ በሙሉ ትደፋዋለች።

ሩፋኤል ዕለት የተለየ ነው። «የሩፋኤልን ዝናብ መሬት ላይ አልደፋም» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። እስከ ጳጉሜን ድረስ ጣሪያው ሁለት ወር ታጥቧል፤ የሚደፋ ብዙ ነገር የለውም። የዚያን ቀን ቱቦው ከጠዋት ጀምሮ ወደ ሮቶው ዞሮ ይውላል።

የባሕር ዛፉን ቅርንጫፍ አባዬ ቆረጡት። የሮቶው አፍ ላይ ደቃቅ የሽቦ ወንፊት አሰርን። እዚህ ብርድ ነው፣ ትንኝ ብዙ አያሳስበንም። ሸዋ ሮቢት ያለች አክስቴ ግን ላጠራቅም ስትለኝ መጀመሪያ የነገርኳት ስለ ወንፊቱ ነው። እዚያ ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ክፍት በርሜል የወባ ትንኝ ቤት ይሆናል።

ለመጠጥ እናፈላዋለን። እዚህ ላይ ከፍታችን ነገር ይለውጣል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ91 ዲግሪ ገደማ ነው የሚንተከተከው። ስለዚህ መንተክተክ እንደጀመረ ማውረድ አይበቃም። 3 ደቂቃ ሲንተከተክ መቆየት አለበት። የወንድሜ ሚስት ኩበት ሲያጥራት ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ትጠቀማለች፤ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለች።

አባዬ «ውሃው ጣዕም የለውም» ይላሉ። ልክ ናቸው። የዝናብ ውሃ ከምንጭ ውሃ ጋር የሚመጣው ማዕድን የለውም። ለዚሁ ነው ሳሙና ላይ ቶሎ አረፋ የሚያወጣው። በክረምት በሌላኛው ክንፍ ሥር ሁለት በርሜል እናስቀምጣለን። ብርድ ልብሱና ጋቢው በሙሉ በዚያ ይታጠባል።

እማዬ አልከፍትም አለች

ሁለተኛው ክረምት ላይ ሮቶው ሐምሌ 24 ቀን ሞላ። እስከ መስቀል ሞልቶ ቆየ። እኔ ዕቅድ ነበረኝ። በ20 ካሬ ሜትር መደብ ላይ ነጭ ሽንኩርት በበጋ ልናለማ። ነጭ ሽንኩርት በአካባቢያችን ይሆናል፣ ገበያም አለው።

እማዬ አልከፍትም አለች። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ምንጩ ገና አልቀጠነም፤ ከምንጭ ይቀዳል። ሮቶው ሙሉ ቁጭ ብሏል። ተናደድኩ። ውሃ ለመጠቀም አይደለም እንዴ ያጠራቀምነው?

ቁጭ ብለን አሰላነው። ለመደቡ በቀን ለአንድ ካሬ ሜትር 4 ሊትር ብንሰጥ 80 ሊትር ነው። ሮቶው በሁለት ወር ያልቃል። ነጭ ሽንኩርቱ ሳይደርስ። ለቤት ፍጆታ በሙሉ ብንጠቀምበትም ያው ነው፤ ቤቱ በቀን አራት ጀሪካን ይፈጃል፣ 80 ሊትር። ሁለት ወር። ጥር ላይ ከከፈትነው የካቲት መጨረሻ ላይ ባዶ ነው።

እማዬ ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች። እስከ ዛሬ እያሰብኩት አለሁ። «ልጄ፣ የምንጠጣውና የምናበስለው ነው ሌሊት የሚያስነሳን። የሚታጠበው እስከ ከሰዓት ይቆያል።»

አዎ። የወንድሜ ሚስት በ10 ሰዓት የምትነሳው 80 ሊትር ስለሚያስፈልጋት አይደለም። ቁርስ የሚሠራበት፣ ሊጥ የሚቦካበት፣ የሚጠጣ ውሃ ጠዋት ስለሌለ ነው። ያ ለአራት ሰው በቀን 30 ሊትር ነው። አንድ ጀሪካን ተኩል። ያንን ሮቶው ከሰጠ፣ የቀረውን ሁለት ጀሪካን ተኩል አህያዋ ከሰዓት በኋላ ታመጣዋለች፤ ያኔ ምንጩም ትንሽ አገግሞ ይቆያል፣ ሰውም ይቀንሳል።

30 ሊትር በቀን፣ ከጥር 1 እስከ ግንቦት 30፣ 150 ቀን። 4,500 ሊትር። ሮቶው 5,000 ይይዛል። ተርፎ ሥሩ ዝቃጭ ያለበትን ውሃ እንኳን ሳንነካ እንተወዋለን። እኔ ደብተር ይዤ ያላየሁትን እማዬ በጆሮዋና በጉልበቷ አውቃዋለች፤ አርባ ዓመት ምንጭ ወርዳለች።

እንዲህ ነው የሚቆጣጠሩት። ከሮቶው በቀን አንዴ፣ ማታ ብቻ ነው የሚቀዳው። አንድ ጀሪካንና አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ። በወሩ መጀመሪያ እማዬ ሮቶውን በጣቷ ከላይ ወደ ታች ታንኳኳለች። ባዶው ይጮኻል፤ ውሃ ያለበት ድፍን ይላል። ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ላይ በጠመኔ ታሰምራለች። ጠመኔውን ከትምህርት ቤት ያመጣሁላት እኔ ነኝ፤ ሮቶው ጥቁር ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። በወር መቀነስ ያለበት አንድ ስንዝር ተኩል ነው። ከዚያ ካለፈ የቀዳ ሰው ይጠየቃል።

የመጀመሪያው ተጠያቂ ሰው አልነበረም። ውርጭ ነበር። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ ረግቶ ፕላስቲኩን ሰነጠቀው። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው መንጠባጠብ ጀመረ። ማንም አላየውም፤ ሮቶው ገና አልተከፈተም፣ ማንም ወደዚያ አይሄድም። ጥር 1 ቀን እማዬ ስታንኳኳ አንድ ስንዝር ጎድሏል። ወደ 500 ሊትር። አባዬ በነሐስ ቧንቧ ለወጡት። በኅዳር መጀመሪያ በጭድ ተጠቅልሎ ጆንያ ይታሰርበታል፤ ከላይ የተሰበረ ባልዲ ይደፋበታል። ከዚያ ወዲህ አልረጋም። በዚያ ዓመት የጎደለውን መጋቢት ላይ የጣለው በልግ ተካልን። 40 ሚሊ ሜትር በልግ ከአንዱ ክንፍ ከ800 ሊትር በላይ ይሰጣል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ሮቶው ምንጩን አልተካም። ቢባል ውሸት ነው። አህያዋ አሁንም ትወርዳለች፤ የወንድሜ ሚስትም አሁንም ወረፋ ትይዛለች። ሌሊት ግን አይወጡም። ልጅቷ በጥርና በየካቲት አንድም ቀን አላረፈደችም። ይህን የነገረችኝ የክፍል ኃላፊዋ ናት፤ ሳልጠይቃት።

ያልጠበቅነው ጥቅምም አለ። አሸንዳ ባለበት በኩል ከግድግዳው ሥር ቦይ መሥራቱ ቆሟል። አባዬ ድንጋይ የሚሞሉት አሁን በአንድ በኩል ብቻ ነው። ጎመኑ ደግሞ በክረምት ከትርፉ ውሃ፣ በበጋ ከእጣቢ ያገኛል።

ሁለት ነገር ይቀራል። ማድ ቤቱ ሣር ክዳን ነው፤ ከሣር የሚወርደው ውሃ ቀለም ስላለው ለመጠጥ አይሆንም። አባዬ ቆርቆሮ ሊያለብሱት አስበዋል። እኔ ደግሞ ዕቁብ እስኪደርሰኝ እየጠበቅኩ ነው። ሁለተኛ ሮቶ ከገዛን ሌላኛውን ክንፍ እናስገባለን። እሱ ለምን እንደሚሆን ግን ከአሁኑ ተነጋግረናል። እማዬ የወንድሜ ሚስት ትወስን ብላለች፤ የሁለተኛው ሮቶ ጠመኔ የእሷ ነው። እሷም የልብስና የገላ ውሃ ይሁን ብላለች። በበጋ ልጅቷ ዩኒፎርሟን በሳምንት ሁለቴ ማጠብ እንድትችል።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ግንቦት 1 የተሰመረው መስመር ከሥር ሁለት ስንዝር ተኩል ላይ ነው።